ሦስት ኤሊዎች በአንድ ሳፋ

እህቴ ከሰው ጋር ስትገናኝ ከሰላምታው ጥያቄው ይቀድማታል። የማታውቀው ሰው ጣት ላይ ፋሻ ካየች «ምን ነክቶዎት ነው?» ሳትል አታልፍም፤ ሰውየውም ምን እንደሚነካው እንጃ፣ ቆሞ አንድ በአንድ ይነግራታል። እኔ ታናሿ ነኝ፤ እትዬ እያልኩ ነው ያደግሁት። ልብስ ሰፊ ነኝ፣ የምሠራውም እቤት ነው። ደንበኞቼ ልብስ ሊለኩ ይመጡና እሷን ካገኙ የሕይወት ታሪካቸውን ዘርግፈው ይሄዳሉ። እኔ ሜትሬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ወሬው እስኪያልቅ እቆማለሁ።

ሥራዋ የውሃ ቆጣሪ ማንበብ ነው፤ ከጀመረች ይኸው ሃያ ስድስት ዓመቷ። በየወሩ በዚያው ሰፈር፣ በዚያው መንገድ፣ ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው ትዞራለች። ቆጣሪው ያለው መሬት ውስጥ በተቀበረ ሳጥን ነው። ተንበርክካ ክዳኑን ታነሳለች፣ ከኪሷ ጨርቅ አውጥታ መስታወቱን ትወለውላለች፣ ቁጥሩን አንዴ በልቧ አንዴ በአፏ ታነባለች፣ ብዕር የምታነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ከላይ ቆመው በግምት የሚጽፉ ባልደረቦች አሏት፤ ስማቸው ሲነሳ ፊቷ ይለወጣል። አንድ ቀን ሦስቱን ስምንት ብላ መጻፏ ምሳ ላይ ትዝ ብሏት ማንኪያዋን አስቀምጣ ከከተማው ጫፍ እስከ ጫፍ በእግሯ ተመልሳለች። ሰፈሩ «ቆጣሪዋ» እያለ ይጠራታል፣ እሷም ቅር አይላትም።

ከሳጥኖቹ ውስጥ የማታገኘው ነገር የለም። ቁልፍ አግኝታለች፣ እንቁራሪት አግኝታለች፣ አንዴማ ሰው ሠራሽ ጥርስ አግኝታ ባለቤቱን ፍለጋ ስንቱን በር አንኳክታለች። ሰው ተቀይሟት ነበር፤ «ጥርስ ጠፍቶብዎታል?» ተብሎ እንዴት ይጠየቃል?

የመጀመሪያውን የኤሊ ልጅ ያገኘችው ከዝናብ በኋላ፣ ከውሃ ማጣሪያው ጀርባ ካለው ቦይ ዳር ነው። የካፖርት ቁልፍ ቢያክል ነው። አንገቱ ረጅም ነው፤ ሲደነግጥ ጭንቅላቱን ወደ ውስጥ አይስብም፣ ወደ ጎን አጥፎ ከቅርፊቱ ሥር ይሸጉጠዋል። ሁለተኛው በሳምንቱ ዓሣ ከሚረባበት ኩሬ መጣ፤ ጠቆር ያለ፣ ጠፍጣፋ፣ ጭንቅላቱን ቀጥ አድርጎ የሚያስገባ። ሁለቱንም በምሳ ዕቃዋ ይዛቸው ገባች። ያንን ምሳ ዕቃ የማጥበው እኔ እንደሆንኩ ልብ በሉልኝ።

ሦስተኛዋን ያገኘቻት ቆጣሪ ሳጥን ውስጥ ነው። ግቢው የአንድ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንት ናቸው። እትዬ ክዳኑን ስታነሳ ኤሊዋ ከመስታወቱ አጠገብ እግሯን ሰብስባ ተቀምጣለች፤ ጀርባዋ ጉብ ያለ፣ ቢጫና ቡናማ። አዛውንቱ በረንዳው ላይ አልነበሩም። እህቴ ግራና ቀኝ አየችና ኪሷ ከተተቻት።

«ከሰው ግቢ እንዴት ታነሻለሽ?» አልኳት ይዛት ስትገባ።

«ከግቢው መቼ አነሳሁ? ከሳጥኑ ነው። ሳጥኑ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ ነው።»

«ኤሊዋም የመሥሪያ ቤቱ ናት በያ።»

«ውሃ ፍለጋ እኮ ነው የገባችው፤ ያቺ ቧንቧ በምታንጠባጥባት ጠብታ ነው የኖረችው። ምናለ አንጀትሽን ብትበላሽ?»

የመዘዙ ሁሉ መነሻ ይቺ ንግግር ናት። ሃያ ስድስት ዓመት ውሃ ውሃ ስትል የኖረች ሴት፣ ከውሃ ቆጣሪ ሳጥን ኤሊ ስታወጣ ሌላ ምን ታስብ? እኔም አላሰብኩም፣ ልዋሽ አልፈልግም። እኛ ኤሊ ስንል አንድ ስም ነው ያለን፤ ቦይ ውስጥ የሚዋኘውም ኤሊ፣ ሜዳ ላይ የሚንፏቀቀውም ኤሊ። ሦስቱም ኤሊ ከሆኑ አንድ ሳፋ ለሦስቱም ይሆናል አልን።

ሳፋው የኔ ነበር። ጨርቅ ኋላ ሲታጠብ እንዳያጥር፣ ሳልቆርጠው በፊት የምነክርበት ትልቁ ሳፋ ነው። «ለሁለት ቀን ብቻ» ብላ ወሰደችው። መሐሉ ላይ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀመጠች፣ ውሃ ሞላችበት፣ ከስፌት መኪናዬ ጎን መስኮቱ ሥር አኖረችው። እኔ በባልዲ ጨርቅ እየነከርኩ ተነጫነጭኩ። ደንበኞቼ ግን ወደዱት፤ አንዳንዶቹ ልብሳቸው ደርሶ እንኳን «አልደረሰም እንዴ?» እያሉ ሳፋው ላይ ሊያፈጡ ይመጡ ጀመር።

ስም ያወጣላቸው ጠባያቸው ነው። ባለ ረጅም አንገቱ የጠፋ ነገር እንደሚፈልግ ሰው ቀኑን ሙሉ ስለሚዞር «ፖሊሱ» ተባለ። ጠቆር ያለው የተጣለለትን ሁሉ ስለሚውጥ «ሆዳሙ»። ሦስተኛዋ ድንጋዩ ላይ ወጥታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትቀመጣለች፤ ሥጋ ቢሉ አትዞርም፣ ዓሣ ቢሉ አትዞርም። እሷን «ኩሯ» አልናት።

እትዬ ደብተር አወጣች። ቆጣሪ የምትመዘግብበት ዓይነት ሦስት ዓምድ አሰመረችለት፦ ያለፈው፣ የአሁኑ፣ ልዩነት። ፖሊሱ ዛሬ አራት ቁራሽ፣ ትናንት ሦስት። ሆዳሙ ዘጠኝ። ኩሯ ዜሮ፣ ትናንትም ዜሮ፣ ልዩነቱም ዜሮ። ከሥራ ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ ሳፋው አጠገብ ተንበርክካ ታፈጣለች። አንገቱን ወደ ጎን የሚያጥፈው ለምንድን ነው? ሆዳሙ ሲውጥ ዓይኑን የሚጨፍነው ለምንድን ነው? ለኔ ነው የምትጠይቀኝ። እኔ ስለ ኤሊ ምን አውቃለሁ፣ እጅጌ እየገጠምኩ ነው ያለሁት።

ከሁሉም በላይ ግን ጥያቄዋ ስለ ኩሯ ነበር። ሌሎቹ ውሃው ውስጥ ሲንሸራሸሩ ለምን ድንጋይ ላይ ትወጣለች? ለምን በሳፋው ጠርዝ ለመውጣት ትፍጨረጨራለች? ፋርማሲስቱ ጎረቤታችን «ፈርታ ነው፤ ትለምዳለች» አላት። እግር ኳስ የምታሠለጥነው ደንበኛዬ ደግሞ «ካልሠለጠነች መቼም አትዋኝም» ብላ ጣልቃ ገባች። እህቴ ሁለቱንም ሰማች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ኩሯን ከድንጋዩ ላይ ታነሳትና «ነይ የኔ እመቤት፣ ነይ» እያለች ውሃው ውስጥ ታስቀምጣታለች። ኩሯ እየተንደፋደፈች ትመለሳለች፣ እሷ መልሳ ትከታታለች። በመልካም ልብ ነበር የምታደርገው።

ወሩ ሞላና የአዛውንቱ ቆጣሪ የሚነበብበት ቀን ደረሰ። በዚያን ቀን እትዬ ስትገባ ወደ ሳፋው አልሄደችም። ወንበር ስባ ከፊቴ ተቀመጠች።

«አዛውንቱ ጠየቁኝ» አለች።

«ምን ብለው?»

«አንዲት ትንሽ ኤሊ ነበረችኝ፣ እዚህ ሳጥን ውስጥ ነበር ከፀሐይ የምትሸሸው፣ አላየሻትም ወይ አሉኝ።»

«እና?»

«አላየሁም አልኳቸው።»

መርፌው ከእጄ ወደቀ። አንዲት ቁጥር ላለማሳሳት ከተማ የምታቋርጥ ሴት ዓይኗን በጨው አጥባ አላየሁም አለች። እሷም ራሷ የገረማት ይመስላል፤ እጆቿን እያገላበጠች ታያቸው ነበር።

«በይ ነገውኑ መልሺላቸው» አልኳት።

«እንዴት አድርጌ? ከስታለች እኮ። ሰውየው ደህናዋን ኤሊ አጥተው ቆዳና ቅርፊት ልስጣቸው? መጀመሪያ ትብላ። ትንሽ ትፈርጥም። ያኔ ወስጄ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ።»

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ውስጥ ሌላ ወሬ ጠፋ። ኩሯ በላች ወይ? አልበላችም። እህቴ ሥጋውን አድቅቃ ሞከረች፣ ትል ቆፍራ ሞከረች፣ የዶሮ ጉበት ሁሉ ሞከረች። አንድ ቀን ከሳህኔ የሰላጣ ቅጠል ሳፋው ውስጥ ወድቆ ኖሯል፤ ጠዋት ዳር ዳሩ ተነክሶ አገኘነው። «ይሄ ሆዳም ቅጠል ሳይቀረው» ብለን ሳቅን። ሳቃችን አሁን ያሳፍረኛል።

በሳፋው ውስጥ ደግሞ ሰላም ጠፋ። ፖሊሱ አድጎ የሆዳሙን ጭራ ጫፉን ነከሰው፤ ሆዳሙ የኩሯን የኋላ እግር አቆሰለ። እትዬ ቁስሉን አየችና «ውሃው ጠቦባቸው ነው» ብላ አንድ ማሰሮ ጨመረችበት። ድንጋዩ ሊሸፈን ጣት የማትሞላ ቀረችው። ኩሯ አፍንጫዋ ላይ አረፋ ይታይ ጀመር፣ ዓይኖቿም አበጡ።

ሁለተኛው ወር መጣ። አዛውንቱ እንደገና ጠየቋት፣ እሷም እንደገና አላየሁም አለች። በዚህኛው ቀን ደግሞ ከሳጥኑ እስከ ውጭው በር ድረስ አብረዋት እየሄዱ ስለ ኤሊዋ ሲያወሩላት ነበር።

«ምን ምን አሉሽ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«እኔ ምን ሰማሁ? ጆሮዬ ጋለብኝ። ስለ ቅጠል፣ ስለ ፀሐይ ይሁን ስለ ምን ያወራሉ፤ እኔ እስከ በሩ ስንት እርምጃ እንደቀረኝ ነበር የምቆጥረው።» ከዚያ ደብተሯን ገለጠችና ደርቃ ቀረች። «ቆጣሪያቸውን ሳልጽፈው መጥቻለሁ።»

በሃያ ስድስት ዓመት ይህ ደርሶባት አያውቅም። ተመልሳ ለማንበብም ድፍረት አጣች። እንደነዚያ እንደምትንቃቸው ባልደረቦቿ በግምት ጻፈችው፤ ሁለት ቀን ሙሉ ከኔም ጋር አልተነጋገረችም።

በሦስተኛው ቀን፣ እሁድ ጠዋት፣ ኩሯን ድንጋዩ ላይ አጣናት። ሳፋው ግርጌ ተገልብጣ፣ እግሮቿ ወደ ላይ ሆነው ነበር። እትዬ እጇን እስከ ክርኗ ከትታ አወጣቻት፤ ጭንቅላቷን ወደ ታች ስታደርጋት ከአፏ ውሃ ወጣ። እኔ መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ሁሉ ጠራርጌ ደረቅ የሱፍ ጨርቅ ዘረጋሁላት። መስኮቱን ከፈትን፣ ፀሐይ ገባ። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን አየናት። «ሞተች በይኝ፤ አትደብቂኝ» ትለኛለች እህቴ፤ እኔ በጨርቁ ጫፍ እግሮቿን አደርቃለሁ።

ብዙ ቆየን። ከዚያ አንድ እግር ተንቀሳቀሰ። ሌላው ተከተለ። ኩሯ ራሷን ቀና አደረገች፣ ጨርቁን ረገጠች፣ ከዚያም በአራቱም እግሯ ቆማ ሆዷን ከጨርቁ አንስታ መሄድ ጀመረች። ሁለት ወር ስትንደፋደፍ ብቻ ያየናት ኤሊ ጠረጴዛዬን ከዳር እስከ ዳር ተራመደችው። ጫፉ ላይ ስትደርስ እጄን አስቀደምኩላት፤ መዳፌ ላይ ወጣች።

ያን ጊዜ ነው እግሯን ያየሁት። የኔ ሥራ አካል ማየት ነው፤ ትከሻው የዘመመን ሰው ከበር ሳይገባ አውቀዋለሁ። የዚችን እግር ግን ሁለት ወር ከጎኔ አስቀምጬ አላየሁትም።

«እትዬ፣ እነዚያን ሁለቱን አውጪልኝ» አልኩ።

ሦስቱንም ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። የፖሊሱና የሆዳሙ ጣቶች በመሐላቸው ቆዳ አለ፣ ለውሃ መቅዘፊያ የተሰፉ ናቸው። የኩሯ ድቡልቡል ጉማጅ ነው፣ የጠረጴዛ እግር ነገር፤ ደረቅ መሬት ለመርገጥ እንጂ ለዋና የሚሆን አንድም ነገር የለውም።

«ልካቸው አንድ አይደለም» አልኳት።

እህቴ አንዱን እያነሳች ሌላውን እያስቀመጠች ለረጅም ጊዜ አየች። የፖሊሱን አንገት አየች፣ የሆዳሙን ደረት ገልብጣ አየች። «ሦስቱም የተለያዩ ናቸው» አለች በመጨረሻ። «የስማቸው አንድነት ነው ያታለለኝ። በየቀኑ አንስቼ እየጨመርኩ ያሰጠምኳት እኔ ነኝ።»

በማግስቱ ከሥራ በፊት ፖሊሱን ወደ ቦዩ፣ ሆዳሙን ወደ ኩሬው መለሰቻቸው። ውሃው ጫፍ ላይ ስታስቀምጣቸው አንዳቸውም ዞር ብለው አላዩኝም ብላ ነገረችኝ፤ ትንሽ ከፍቷት ነበር። ኩሯን ግን በካርቶን፣ ደረቅ አፈር ላይ አድርገን ሁለት ቀን ጠበቅናት። ተራመደች፣ ፀሐይ ላይ ተዘረጋች፣ ግን ሰላጣ ብናቀርብላትም አልነካችም። አፍንጫዋ ላይ አሁንም አረፋ አለ።

«ሳትሞት እንውሰዳት» አለችኝ። «ብቻዬን ግን አልችልም። አብረሽኝ ነይ።»

ቆጣሪ የማይነበብበት ቀን ነበር። አዛውንቱ በሩን ሲከፍቱ መጀመሪያ እሷን አዩ፣ ከዚያ ካርቶኑን፣ ከዚያ እኔን። እትዬ መንገዱን ሁሉ ስትለማመደው የመጣችውን ንግግር ረሳችው።

«አባባ፣ እኔ ነኝ የወሰድኳት» አለች። «ሁለት ጊዜ ዋሸሁዎት። ባለፈውም ቆጣሪዎን ሳላነብ ነው የጻፍኩት። ሳፋ ውስጥ ከትቼ፣ ውሃ ሞልቼ ላሳድጋት ብዬ ልገድላት ነበር።»

አዛውንቱ ካርቶኑን ተቀብለው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ኤሊዋን አውጥተው በአውራ ጣታቸው ጀርባዋን ዳበሱ።

«ኪስሽ ስትከቻት በመስኮት አይቼሻለሁ» አሉ።

እህቴ ክው ብላ ቀረች። ትቆጣ እንደሆነ፣ ታለቅስ እንደሆነ አላወቅሁምና ክንዷን ያዝኳት።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ምን ልበል ልጄ? ስንት ዓመት ሙሉ እዚህ ተንበርክከሽ መስታወት ስትወለውዪ አይቼሻለሁ። አንዲት ኤሊ ብታነሺ ሌባ ብዬ ልጥራሽ? ወዳት ነው አልኩ፣ ትውሰዳት አልኩ። ግን ሥራሽ ውሃ ነውና ውሃ ውስጥ እንዳትከቻት ፈራሁ። ለዚያ ነበር ጠፋችብኝ ብዬ የመጣሁብሽ። ውሃ አትወድም፣ ደረቅ ነው የምትወደው፣ ምግቧ ቅጠል ነው፣ ፀሐይ ካላገኘች ትታመማለች እያልኩ እስከ በሩ የሸኘሁሽ ለሌላ አይደለም። እንዳላሳፍርሽ ብዬ ነው እንዲያ ዙሪያ ዙሪያውን የሄድኩት።» የኤሊዋን ያበጠ ዓይን አዩ። «ይሉኝታ ሳይዘኝ በቀጥታ ብነግርሽ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይደርስባትም ነበር። እኔም አለሁበት።»

እትዬ ከሳቸው አንድ ደረጃ ዝቅ ብላ ተቀመጠች። ማልቀሷን ያወቅሁት ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ነው፤ እኔም አላስቻለኝም።

አዛውንቱ ተነስተው ከአጥሩ ሥር አንድ ተራ የሜዳ ቅጠል ቀጠፉ፤ እኛ አረም ብለን የምንነቅለው ነው። በጣታቸው ጨመቅ አድርገው ሽታው እንዲወጣ አደረጉና ኤሊዋን ፀሐይ ያረፈበት አፈር ላይ አስቀምጠው ቅጠሉን ከፊቷ አኖሩ። ሦስታችንም ወደ እሷ ተጠጋን። አንገቷን አወጣች፣ መልሳ አስገባች። እንደገና አወጣች። ከዚያ ያበጡ ዓይኖቿን ገለጥ አድርጋ አፏን ከፈተችና አንዲት ቁራሽ ነከሰች። ድምፁ ይሰማል፣ ወረቀት እንደሚቆርጥ መቀስ። ሁለተኛ ነከሰች።

እህቴ በሁለት ወር ውስጥ ይህንን አንድ ጊዜ እንኳን አላየችም። ፊቷን በመዳፏ ጠረገች፣ ወደ አዛውንቱ ዞረች።

«አባባ» አለች፣ «እስከ በሩ ስንሄድ የነገሩኝን አንዱንም አልሰማሁም። ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»

አዛውንቱ ተመልሰው ደረጃው ላይ ተቀመጡና ኤሊዋ መጀመሪያ ግቢያቸው ከገባችበት ቀን ጀመሩላት፤ እህቴም አንዴ እንኳን ሳታቋርጣቸው እስከ መጨረሻው ሰማቻቸው።